ዋጋውን የሚቆርጠው ተሸናፊው ነው

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አጎት ደሴ ውስጥ ለብዙ ዘመን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጠገራ ብርና አሮጌ ቴምብር የሚሰበስቡ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ኮምቦልቻ በሒሳብ ሥራ ትተዳደራለች፤ አሜሪካ በምትኖረው እህቷ በኩል በኢንተርኔት ጨረታ ትጫረታለች። የሐረጎን ዳገት ወጥታ አጎቷን ለመጠየቅ ደሴ በመጣችበት ቅዳሜ ከቡና በኋላ ያወጉት ነው።

አጎት፦ እናትሽ የነገረችኝ ነገር ገርሞኛል። ሌሊት ስልክሽ ላይ አፍጥጠሽ በፈረንጅ አገር ጨረታ ትጫረቻለሽ አሉ። «ምን አሸነፈች?» ብዬ ብጠይቃት «እሷም አሸንፋለሁ ብላ አይደለም» አለችኝ። ልጄ፣ ሰው አላገኘውም ብሎ ለሚያስበው ነገር ምን ብሎ ይጫረታል?

የእህት ልጅ፦ እውነቷን ነው ጋሼ። የምኒልክ ብር፣ አላድ ወይም የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን ለጨረታ ሲቀርቡ ዋጋ እሰጣለሁ። ዕቃውን እኔ እመርጣለሁ፤ እህቴ ደግሞ የነገርኳትን ጣሪያ ዋጋ በራሷ አካውንት ታስገባለች። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ይበልጠኛል። የምሰጠው ዋጋ በእኔ አቅም ልክ ስለሆነ፣ እንደሚበልጡኝ ከመግባቴ በፊት አውቀዋለሁ።

አጎት፦ ጊዜ ማባከኑን ልተወው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በፊቅህ፣ ማለትም በእስልምና ሕግ፣ ነጅሽ የሚባል ነገር አለ። ዕቃውን ሊገዛ ሳያስብ፣ ዋጋውን በሌላው ላይ ለማስወደድ ብቻ የሚጫረት ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። በሐዲስ በግልጽ ተከልክሏል። በሐራጅ መሸጥና መግዛት ግን አልተከለከለም። አሸንፋለሁ ሳትዪ መጫረትሽ ከነጅሽ በምን ይለያል?

የእህት ልጅ፦ ካሸነፍኩ እከፍላለሁ ጋሼ። ልዩነቱ እሱ ነው። ነጅሽ የሚሠራው ሰው ዕቃው እሱ ላይ እንዳይወድቅበት ይፈራል፤ እኔ ግን ቢወድቅልኝ ደስ ይለኛል። ኢቤይም ሆነ ሌሎቹ የጨረታ ቤቶች ሻጩ ራሱ ወይም ዘመዱ ገብቶ ዋጋ እንዳያስወድድ በደንባቸው ይከለክላሉ። የእኔ ዋጋ ትንሽ ቢሆንም ከልብ የተሰጠ ነው። ገንዘቡ በእህቴ እጅ ተቀምጧል።

አጎት፦ ሸጋ። ከልብ ከሆነ የኔ ጥያቄ በግማሽ ተመልሷል። ግማሹ ግን ይቀራል። ኮምቦልቻ ጉምሩክ የተወረሰ ዕቃ በጨረታ ሲሸጥ፣ መሥሪያ ቤቶች ያረጀ መኪና ሲያወጡ አይቻለሁ። ሰው ሲፒኦ አሠርቶ፣ ዋጋውን በፖስታ አሽጎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ካልደረሰው ሲፒኦውን ተቀብሎ ይሄዳል። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ምን አተረፈ ይባላል?

የእህት ልጅ፦ እዚያ ጋ ነው ልዩነቱ። በታሸገ ፖስታ የሚካሄደው ጨረታ አሸናፊውን በጻፈው ዋጋ ያስከፍለዋል። ስለዚህ ሰው የልቡን አይጽፍም፤ ሌሎቹ ስንት ይጽፋሉ ብሎ እየገመተ ቀንሶ ይጽፋል። ኢቤይ ላይ ግን ጣሪያዬን ብቻ እነግረዋለሁ። እሱ ደግሞ ተፎካካሪዬን ለመብለጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ እየጨመረ በእኔ ፈንታ ይጫረታል። አንድ የምኒልክ ብር ቀረበ እንበል። የእኔ ጣሪያ 60 ዶላር ነው፤ የሌላው ሰው 90፤ ሦስተኛው ደግሞ 35 ብሏል። ያሸነፈው ሰው የሚከፍለው 90 ሳይሆን ከእኔ 60 ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። እኔ ባልኖር ኖሮ ግን ከ35 ጥቂት ብቻ ጨምሮ ይወስደው ነበር።

አጎት፦ ቆይ ቆይ። ዋጋውን የቆረጥሽው አንቺ ነሻ!

የእህት ልጅ፦ እኔ ነኝ። አሸናፊው ዕቃውን ይወስዳል፤ ዋጋውን ግን የሚወስነው ከተሸናፊዎቹ ከፍተኛውን የሰጠው ነው። ይህን በሥነ ሥርዓት የተነተነው ዊልያም ቪክሪ የሚባል ኢኮኖሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ጥናት አሸናፊው የሁለተኛውን ሰው ዋጋ የሚከፍል ከሆነ ለማንኛውም ተጫራች የሚሻለው የልቡን ዋጋ በቀጥታ መናገር መሆኑን አሳየ። በ1996 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ዜናው በተሰማ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። የሚገርመው ግን የቴምብር ነጋዴዎች ከእሱ በጣም ቀድመው፣ በ1890ዎቹ፣ በፖስታ በሚያካሂዱት ጨረታ ይህንኑ ስልት ይጠቀሙበት ነበር። ጨረታው ወደሚካሄድበት ከተማ መምጣት የማይችል ሰብሳቢ ጣሪያውን ጽፎ ይልካል፤ ነጋዴው ደግሞ ከሁለተኛው ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ይሰጠዋል። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም አሮጌውን የሰብሳቢዎች ልማድ ነው ወደ ኮምፒውተር ያመጣው።

አጎት፦ እንግዲያው የእኛ የቴምብር ሰብሳቢዎች ወግ ነው በይኛ! ይሁን። አሁንም ግን የምታተርፊውን አልነገርሽኝም። ዋጋ ቆርጠሽ ለሌላ ሰው ሰጠሽ፤ ላንቺስ?

የእህት ልጅ፦ ዕውቀት ነው ጋሼ። ዋጋ የማይሰጥ ሰው ፎቶውን እንደነገሩ አይቶ ያልፋል። ገንዘቤን አስቀምጬበት ከሆነ ግን እያጎላሁ አያለሁ። የምኒልክ ብር ክብደቱ ከማሪያ ቴሬዛው ጠገራ ብር ጋር እንዲስተካከል 28 ግራም ያህል ሆኖ ፓሪስ እንደተመታ፣ 1887 እና 1889 የሚሉት ዓመቶች በእኛው አቆጣጠር መሆናቸውን፣ አንበሳው በአንዳንዱ ግራ እግሩን በአንዳንዱ ቀኝ እግሩን እንደሚያነሣ ያወቅሁት እንደዚያ እያየሁ ነው። ጠርዙ ላይ የብየዳ ምልክት ያለው ብር አንድ ጊዜ አንገት ላይ የዋለ ጌጥ ነበር ማለት ነው፤ ዋጋውም በጣም ይወርዳል። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ያልወሰድኩት ብር ነው።

አጎት፦ እውነት ነው፤ በእኛ አገር ብሩ ከገንዘብነቱ ይልቅ ለጌጥነቱ የዋለበት ቤት ብዙ ነው። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀልም አምባርም ያደርገዋል። ማሪያ ቴሬዛውን ግን እንዴት ትለዪዋለሽ? እሱ እኮ ሁሉም 1780 የሚል ነው።

የእህት ልጅ፦ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚያ ነው። ብሩ ላይ ምስሏ ያለው ንግሥት የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል። ቪየና ብቻ አይደለም የመታው። ጣልያን አገራችንን ለመውረር ስትነሣ በ1935 የመምቻውን መብት ወስዳ ሮም ላይ መታች፤ ከዚያ በኋላ ለንደን፣ ቦምቤይ፣ ብራሰልስም መትተዋል። ሻጩ «የ1780 ጥንታዊ ብር» ብሎ ሲጽፍ እውነቱንም ሐሰቱንም አንድ ላይ እየተናገረ ነው። የድሮ ነጋዴዎቻችን የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጥ እየቆጠሩ፣ ጠርዙን በጣት እየዳሰሱ ነበር የሚቀበሉት። እኔ ደግሞ ጨረታ ሁሉ ሲዘጋ ዋጋውን፣ የብሩን ሁኔታና የፎቶውን ዝርዝር በመዝገብ እጽፋለሁ። ከጊዜ በኋላ የትኛው ብር በእውነተኛ ዋጋው እንደሚሸጥ፣ የትኛው በወሬ እንደተወደደ ይገባኛል።

አጎት፦ ቴምብሩስ? እኔ የያዝኳቸው የምኒልክ ቴምብሮች እውነተኛ ይሁኑ አይሁኑ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

የእህት ልጅ፦ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ የታተሙ ናቸው። ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው አራት ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ ከፍተኛ ዋጋ ባላቸው ሦስት ላይ አንበሳ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተላኩ ደብዳቤዎች ከነፖስታቸው ሲገኙ ይበልጥ ይፈለጋሉ። በላያቸው ጽሑፍ ያልታተመባቸው ንጹሖቹ ቴምብሮች እምብዛም አያስቸግሩም። ችግሩ ያለው ኋላ በላያቸው ጽሑፍ የታተመባቸው ላይ ነው። ማኅተሙ ቀላል ስለሆነ አስመስሎ የሚያትም በዝቷል። እንዲህ ያለውን ሳይመረምሩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አጎት፦ ባንቺ ደመወዝ ይህን መሥራት ግን አያስፈራም? ጨረታ ሰው ያሞቃል። ሌላው ሲጨምር «እኔ ከማን አንሼ» ይመጣል።

የእህት ልጅ፦ ለዚያ ነው ጣሪያዬን ጨረታው ከመጀመሩ በፊት ጽፌ የማስቀምጠው። አንዴ ከጻፍኩት አልነካውም። የጨረታ አደጋ መሸነፍ አይደለም ጋሼ፤ ከልክ በላይ ከፍሎ ማሸነፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የተሸጡትን የነዳጅ ይዞታዎች መርምረው አንድ ነገር አስተዋሉ። የዕቃውን እውነተኛ ዋጋ ማንም በትክክል በማያውቅበት ጨረታ የሚያሸንፈው ከሁሉም በላይ አጋንኖ የገመተው ሰው ነው። በዚህ የተነሣ ያሸነፈ ሁሉ ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ ከስሯል። በሳንቲምም ያው ነው። በዚያ ላይ ታላላቆቹ የጨረታ ቤቶች በመዶሻው ዋጋ ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህል የገዥ ኮሚሽን ይጨምራሉ፤ የመላኪያና የቀረጥ ወጪም አለ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ አንድ ዶላር ለመግዛት ቀድሞ ከምናወጣው ከእጥፍ በላይ እናወጣለን። ይህን ሁሉ ከቀነስኩ በኋላ የሚቀረኝ ነው ጣሪያዬ። ትንሽ ናት፤ ግን የራሴ ናት።

አጎት፦ ገባኝ። እንግዲህ እኔም የማውቀውን ልንገርሽና ፍረጂ። ከዚህ ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ ደላንታ አለ። አንቺ የምትነግሪኝ ጨረታ ሁሉ በስልክ ነው፤ ደላንታ ሜዳ ላይ ግን በአገራችን ታሪክ ስሙ የሚነሣው ትልቁ የቅርስ ጨረታ በአደባባይ ተካሂዷል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ዘረፈ፤ የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያንና የንጉሡን ግምጃ ቤት አራቆተ። ከዚያ በሽሎን ተሻግሮ ደላንታ ሲደርስ የተዘረፈው ሁሉ ተሰብስቦ ሚያዝያ 13 እና 14 ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል።

የእህት ልጅ፦ ገዢዎቹ እነማን ነበሩ?

አጎት፦ መኮንኖቹ ለየክፍለ ጦራቸው ይገዙ ነበር። ከሁሉም ግን ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የተላከው ሪቻርድ ሆምስ የሚያወጣው ገንዘብ ሞልቶት ነበር። ጋዜጠኛው ሄንሪ ስታንሊ ቦታው ላይ ነበርና ጽፎታል። ከሽያጩ 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኝቶ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። 350 የሚያህሉ የብራና መጻሕፍት ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ፤ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። 11 ታቦታት ደግሞ አሁንም ብሪቲሽ ሙዚየም ለማንም ሳይታዩ ተዘግቶባቸው ይገኛሉ። አንቺ ያልሽው ሒሳብ እዚህ ላይ ይምጣ፤ ደላንታ ላይ ዋጋውን የቆረጡት እነማን ናቸው?

የእህት ልጅ፦ የተሸነፉት መኮንኖች። እነሱ ባይጫረቱ ሆምስ በትንሽ ገንዘብ ይወስደው ነበር፤ ወታደሩም የሚከፋፈለው አይኖረውም ነበር።

አጎት፦ የዘረፋው ዋጋ የወጣው በተሸናፊዎቹ ፉክክር ነው ማለት ነው። አሸናፊው ብቻ አይደለም ተጠያቂው። ዕቃውን ሳይዝ የሄደው ሰውም ለዘራፊው ትርፍ አዋጥቷል። አንቺ ባሳየሽኝ ምሳሌ ላይ ነጋዴው ከ35 ይልቅ 60 ዶላር ያገኘው በአንቺ ምክንያት ነው። የምኒልክ ብር ሲሆን ይህ ምንም አይደለም፤ ሳንቲም ተመትቶ በገበያ የተሰራጨ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በሕጋዊ መንገድ የያዘው ነገር ነው። የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም የመቅደላ ጋሻ ሲሆን ግን አላሸንፍም ብለሽ የሰጠሽው ዋጋ ለተረኛው ሌባ «ይህ ነገር ያስከፍላል» ብሎ የሚነግር ነው።

የእህት ልጅ፦ ይህን እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። ግን ጋሼ፣ በዚህ ላይ አንድ የማልስማማበት ነገር አለኝ። እኔ ባልጫረት ሌላው ይወስደዋል፤ ከዚያ ዕቃው ግለሰብ ቤት ገብቶ ይጠፋል። ከመቅደላ የተወሰደውን ኩርዓተ ርእሱ የሚባል የክርስቶስ ሥዕል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ሆምስ ለራሱ አስቀርቶት ኖሮ ከእሱ ሞት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ክሪስቲስ የጨረታ ቤት ተሸጠ፤ በ1950 እንደገና እዚያው ተሸጦ ፖርቱጋል ገባ። በእነዚያ ሁለት ቀኖች አንድ ኢትዮጵያዊ ቢጫረትና ቢያሸንፍ ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባ እናየው አልነበረም?

አጎት፦ ምናልባት እናየው ነበር። ክርክርሽ ከባድ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት የተመለሱትን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2021 ብሪድፖርት በምትባል የዶርሴት ከተማ በዝቢ የተባለ የጨረታ ቤት ከመቅደላ የሄዱ ዕቃዎችን ሊሸጥ ነበር። ለንደን ያለው ኤምባሲያችን ጠየቀና ከጨረታው ወጡ። ሼሄራዛድ የተባለ ድርጅት ከጨረታ ውጭ ገዝቶ፣ ሌሎችንም ጨምሮ፣ በዚያው ዓመት ለኤምባሲው አስረከበ። በ2024 ደግሞ ኒውካስል ላይ አንደርሰን ኤንድ ጋርላንድ የተባለው ቤት «መቅደላ፣ 13 ኤፕሪል 1868» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት ጋሻ ከ800 እስከ 1,200 ፓውንድ ገምቶ አወጣ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጻፈ፤ ከጨረታው ወጣ። በልዑል ኤርሚያስ ሣህለ ሥላሴ የሚመራው ሮያል ኢትዮጵያን ትረስት ተደራድሮ፣ ጋሻው ቶሌዶ ሙዚየም ታይቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲስ አበባ ገባ። ሁለቱም ጊዜ ያዋጣው መጫረት አልነበረም። ጨረታው እንዲቆም መጠየቅ ነው።

የእህት ልጅ፦ ገንዘብ ግን ተከፍሏል፤ ቢያንስ በ2021።

አጎት፦ ተከፍሏል፤ አልክድም። ልዩነቱ ግን አለ። ከጨረታ ከወጣ በኋላ በድርድር ሲከፈል ዋጋው በሰው ፉክክር አይንርም፤ ተቀባዩ ማን እንደሆነ፣ ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ ይታወቃል። በጨረታ አዳራሽ ግን «ለአገሬ ነው» ብለሽ የምትጨምሪው ዶላርና ለሳሎኑ ጌጥ የሚፈልገው ሰው የሚጨምረው ዶላር እኩል ነው፤ ሁለቱም ገበያውን ያሞቃሉ። በኛው ሕግም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚለው ይህንኑ ነው። ኢትዮጵያ በ2003 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዩኔስኮ የ1970 ስምምነትም በሕገ ወጥ መንገድ የወጣ ቅርስ እንዲመለስ መንግሥታት እንዲተባበሩ ያስገድዳል። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ዕቃው የእኛ መሆኑን ማስረጃ ካቀረብን ነው።

የእህት ልጅ፦ ማስረጃው ከየት ይመጣል? የመቅደላው ጋሻ ዕድል ሆኖ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። አብዛኛው ዕቃ እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

አጎት፦ ከመዝገብ ነዋ። እዚህ ቅርባችን ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የኢየሱስ ሞአ አራቱ ወንጌል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ። የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሥራ በ1973 ከተጀመረ በኋላ ፎቶው ተነሥቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። ማንም ቢወስደው የት እንደነበረ መካድ አይችልም። እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ዝርዝር ነው። ጥቅሙም ታይቷል። ዋሽንግተን የሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ጥንታዊ ብራና ለደብረ ሊባኖስ የመለሰው በማይክሮፊልም የተነሣው ቅጂ ባለቤቱን ስላረጋገጠ ነው።

የእህት ልጅ፦ እኔ እኮ የምሠራው ያንኑ ዓይነት መዝገብ ነው፤ ለሳንቲም ብቻ ሆነ እንጂ።

አጎት፦ እዚያ ልወስድሽ ነው የለፋሁት! ልጄ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴ በጦርነት በተያዘች ጊዜ ሙዚየማችን ተዘርፏል። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን የተዘረፉ ብራናዎች በኢንተርኔት ገበያ በጥቂት መቶ ፓውንድ መቅረባቸው ተዘግቧል። ከደሴ የሄደው ነገር አንድ ቀን በዚያ ገበያ ላይ ብቅ ቢል ማን ያየዋል? አዲስ አበባ ያለ ሠራተኛ የዓለምን ጨረታ ሁሉ ሊያነብ አይችልም። አንቺ ግን በየሌሊቱ እዚያ ነሽ። ዓይንሽ ፎቶ ማጉላት ለምዷል፤ ዋጋ መመዝገብ ታውቂያለሽ። ያ ትዕግሥትሽ ለሳንቲሙ ብቻ አይቅር።

የእህት ልጅ፦ በተግባር እንዴት ይሠራል? ጠረጠርኩ እንበል።

አጎት፦ አንቺ ንገሪኝ፤ ገበያውን የምታውቂው አንቺ ነሽ።

የእህት ልጅ፦ በመጀመሪያ ዋጋ አልሰጥም፤ ለሻጩም አልጽፍለትም። ከጻፍኩለት ገጹን አጥፍቶ በሌላ ስም ያወጣዋል። የገጹን ፎቶ ከነቀኑና ከነሰዓቱ አነሣለሁ፤ የዕጣ ቁጥሩን፣ የሻጩን የገበያ ስም፣ ከየት እንደሚልክ፣ «ከቤተሰብ የወረስኩት» ብሎ ያቀረበውን ታሪክ እይዛለሁ። ብራና ከሆነ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሉ ላይ የቤተ ክርስቲያን ስም ወይም የስጦታ ማስታወሻ መኖሩን አያለሁ፤ ሻጮች አንዳንዴ ማንበብ ስለማይችሉ ራሳቸው ፎቶውን ያወጡታል። ከዚያ ለቅርስ ባለሥልጣን እልካለሁ፤ ዕቃው ባለበት አገር ያለው ኤምባሲያችንም እንዲያውቀው አደርጋለሁ። ታላላቆቹ ቤቶች ካታሎጋቸውን ከጨረታው ሳምንታት በፊት ስለሚያወጡ ጊዜ አለ። ኢቤይ ላይ ግን ቀናት ብቻ ናቸው፤ በቶሎ መላክ ያስፈልጋል።

አጎት፦ ባረከልሽ! አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ጉዳይ የአንድ እምነት ብቻ አይደለም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የመቅደላው ታቦት ሲመለስ ግን ሀገሬ ሙሉ ትሆናለች ብዬ ነው የማስበው። እዚሁ ወሎ ያሉት የጀማ ንጉሥና የዳና ሐድራዎችም በአጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል፣ የተጻፉ መንዙማዎችና ኪታቦች አሏቸው። እነሱም ከሳጥን ወጥተው ቢሸጡ ማንም ደንታ አይኖረውም፤ ለምን ቢባል፣ ማንም አልመዘገባቸውም። የወሎ ሀብት የሁላችንም ነው፤ ጥበቃውም የሁላችንም መሆን አለበት።

የእህት ልጅ፦ ምዝገባ ሲባል ግን የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይፈራሉ። ፎቶ የተነሣ ነገር ሌባ ይጠራበታል ይላሉ።

አጎት፦ ፍርሃታቸው ትክክል ነው፤ ስለዚህ ፎቶው ፌስቡክ ላይ አይወጣም። ታቦት ደግሞ አይነሣም፤ ያ የተከበረ ሥርዓት ነው። የብራናው፣ የመስቀሉ፣ የኪታቡ ፎቶ ግን ከነመጠኑና ከነልዩ ምልክቱ ተነሥቶ አንዱ ቅጂ በባለቤቱ፣ አንዱ በዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይቀመጥ። የተቀደደ ጥግ፣ የሰም ጠብታ፣ የተሰፋ ቆዳ፤ ዕቃውን ከሌላው የሚለየው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ሌባው የፈለገውን ታሪክ ቢፈጥር ያንን ጠብታ ሊያጠፋው አይችልም።

የእህት ልጅ፦ እንግዲህ ሥራዬን እንደዚህ ልከፍለው ነው። ሳንቲሙና ቴምብሩ ላይ በትንሿ ጣሪያዬ መጫረቴን እቀጥላለሁ። ብሸነፍም ዋጋውን ከነምክንያቱ እመዘግባለሁ። ከቤተ እምነት ወይም ከጦርነት ዘረፋ የወጣ የሚመስል ነገር ሳይ ግን አንድ ዶላር እንኳ አልልም። የእኔ ትንሽ ዋጋ እንኳ የሌላውን ዋጋ እንደምታንር አሁን አውቄአለሁ።

አጎት፦ አብሽሪ፤ ፍርዱ ይኸው ነው። ሳንቲም ቢያመልጥሽ ሌላ ይመጣል፤ የተመታው በብዙ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈ ብራና ካመለጠ ግን ሌላ የለም። ስለዚህ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ፣ ውጭ አገርም የሚኖር የወሎ ልጅ ሁሉ ለተዘረፈ ነገር ዋጋ አይስጥ፤ ባየ ጊዜ ይጻፍ። አገር ቤት ያለው ደግሞ የደብሩን፣ የመስጊዱን፣ የአያቱን ሳጥን ሳይዘገይ ያስመዝግብ። ከጨረታ ያስወጣነው ጋሻ ወደ አገሩ የገባው ጽሑፍ ተቀርጾበት ስለተገኘ ነው፤ ምንም ያልተጻፈበትን ዕቃ ሊያስመልሰው የሚችለው እኛ የጻፍነው መዝገብ ብቻ ነው።